የክሌይቫ ሴቶች

አባቴ ሲመታ አይጮህም ነበር። የሚጮኸው የሚመታው ነገር ነው፤ በሩ፣ ሳህኑ፣ ፈረሱ፣ እናቴ። እሱ ሥራ እንደያዘ ሰው ዝም ብሎ ይመታና፣ እጁን ታጥቦ ድንቹን ይበላል። እኔ ራንዲ፣ የቶርስታይን ክሌይቫ አንድ ልጅ፣ እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ድረስ አባት የሚባል ሁሉ እንዲህ ነው ብዬ አምን ነበር። እንዲህ አይደለም ብሎ የነገረኝም የለም።

እናቴ ሶልቬይ ፊቷ ሲያብጥ ጎረቤት ይጠይቃታል። መልሷ አንድ ነው፤ ከቆጥ መሰላል ወድቄ ነው ትላለች። ክሌይቫ የምንኖርበት እርሻ ስም ነው፣ የእኛም ስም ነው። በቤታችን ጣሪያ ሥር ቆጥ አለ፤ ዱቄቱና የደረቀው የበግ ሥጋ የሚቀመጠው እዚያ ነው። መሰላሉ ቀጥ ያለ ነው፣ አምስተኛው መርገጫ ይነቃነቃል። ጉድ እኮ ነው፤ ማታ አባቴ ሲመታት በዓይኔ አይቼ፣ ጠዋት ከመሰላል ወደቅሁ ስትል ደግሞ አምናታለሁ። ሁለቱ ነገር በአንድ ሕፃን ጭንቅላት ውስጥ እንዴት ተስማምቶ እንደኖረ አትጠይቁኝ። መሰላሉን ግን እፈራው ነበር። ስወጣ አምስተኛውን መርገጫ እዘለው ነበር።

በ1968 በበጋው መጀመሪያ መምህር አስላክ በጀልባ ወደ እኛ መጡ። ጡረታ ከወጡ በኋላ የደብሩን መጽሐፍ የሚያዘጋጁት እሳቸው ነበሩ። በእኛ አገር እያንዳንዱ ደብር እንዲህ ያለ መጽሐፍ አለው፤ በየእርሻው ማን እንደኖረ፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን መቼ እንደሞተ፣ ቤት በቤት ይጻፋል። ሰው መጽሐፉን ገዝቶ ከመጽሐፍ ቅዱሱ አጠገብ ያስቀምጠዋል። ከመጽሐፍ ቅዱሱ ይልቅ እሱን ነው የሚያነበው፣ እውነቱን ለመናገር።

አባቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አላየሁትም። ክሌይቫ ሦስት መቶ ዓመት ከአንድ ዘር እጅ ያልወጣ ርስት ነው፣ እሱም ያ እንዲታተምለት ፈልጓል። ለሰው ውኃ የማይሰጥ ሰው ለመምህሩ ከሥጋው ወፍራም ወፍራሙን ቆረጠላቸው። መምህሩ አንድ የእንጨት ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ውስጡ በካርድ ተሞልቷል፣ ለአንድ ሟች አንድ ካርድ። እኔ ወንበሬን አስጠግቼ አፌን ከፍቼ ተቀመጥኩ።

ስለ አባቴ ሴት አያት፣ ስለ ጉሪ አነበቡ። በ1865ቱ የሕዝብ ቆጠራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከውኃው ወዲያኛው ዳርቻ በአንዲት የጭሰኛ ጎጆ ውስጥ ከአሥር ሰውና ከሁለት በግ ጋር ተቆጥራለች። በ1875ቱ ቆጠራ አሥራ ስምንት ሞልቷት ክሌይቫ ላይ ገረድ ናት። ከሁለት ዓመት በኋላ በደብሩ መዝገብ የቤቱን ልጅ ሃልቫርድን አገባች። አምስት ወለደች፣ ሁለቱ ሞቱባት። እኔ በጣቴ እየቆጠርኩ ስከተል ልጅቷ ዓይኔ ላይ ታየችኝ፤ በግ እየነዳች ወደ እኛ ቤት ስትመጣ።

"በ1888፣" አሉ መምህሩ፣ "ከቆጥ መሰላል ወድቃ ሞተች ይላል መዝገቡ።"

"እናቴም እንደዚያው ናት፣" አለ አባቴ ሥጋውን መቁረጡን ሳያቋርጥ። "በ1926፣ እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ሆኜ። ያ መሰላል ሰው በላ ነው።"

እኔ ኮራሁ። የእኛ መሰላል መጽሐፍ ላይ ሊወጣ ነው ብዬ ለትምህርት ቤት ልጆች የምነግረውን አዘጋጀሁ።

መምህሩ ግን አልጻፉም። እርሳሱን ጆሯቸው ላይ ሰክተው መሰላሉን ልየው አሉና ወጡ። እንጨቱን በጣታቸው መታ መታ ሲያደርጉ ከታች ይሰማል። ጉልበታቸው ዱቄት ለብሶ ወረዱ፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ ማን ሠራው ብለው ጠየቁ። አባቴ፣ አባቱ ኢቨር እንደሠራው ነገራቸው።

"መቼ?" አሉ መምህሩ።

አባቴ ቢላውን አስቀመጠ። "መምህር፣ እርስዎ የሙታን መዝገብ ነው የሚጽፉት ወይስ የአናጢ?"

እናቴ ከኋላችን ድንች እያጠበች ነበር። እጇ ውኃው ውስጥ ቆመ። ድምፁ ሲጠፋ ነው የገባኝ፣ ዞር ብዬ አየኋት። እሷ መምህሩን ታያለች። እኔ ሽማግሌው መሰላላችንን ሊገዙት ፈልገዋል፣ አባቴም ዋጋውን ሊያስወድድ ነው የተቆጣው ብዬ ደመደምኩ።

የጉሪን ካርድ ኋላ ላይ አንብቤዋለሁ። በ1930 የእሳት ኢንሹራንስ ገማቾች በየእርሻው እየዞሩ ቤቶቹን ለክተው ጽፈዋል። መምህር አስላክ ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት ያንን መዝገብ አይተው ካርዱ ላይ ገልብጠውታል። "ክሌይቫ፤ በግንድ የተሠራ ፎቅ የሌለው ቤት፣ ሁለት ክፍል፣ ቆጥ የለውም" ይላል። ቆጡ የተጨመረው በ1934 ነው። እንግዲህ ጉሪ በ1888፣ የአባቴ እናት ኢንጌቦርግ በ1926 ከምን ወደቁ? ቄሱ ባልየው የነገራቸውን ጻፉ፣ ቀበሩ፣ ሄዱ። አንዳንዴ አያቴ ያንን ቆጥ የሠራው ለዱቄቱ ሳይሆን ለውሸቱ ማደሪያ አጥቶ ነው እላለሁ።

መምህሩ እንደሄዱ አባቴ እናቴን በፀጉሯ ይዞ ራሷን ከዳቦ መቁረጫው ጣውላ ጋር አጋጨው። ሁለት ጊዜ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም፣ እሷም አልጠየቀችም። እኔ ድንቹን እያየሁ ነበር፤ አንዱ ድንች ሳይላጥ ቀርቷል፣ እሱን ነው ያየሁት። በማግስቱ ከየእርሻው ወተት የሚሰበስበው ጀልባ ሲመጣ ግንባሯን በሻሽ አስራ ወረደችና የምትለውን አለች።

ከዚያ ወዲያ እናቴ ተለወጠችብኝ። ልብስ ላለቅልቅ ብላ ወደ ፊዮርዱ፣ በተራሮቹ መሃል ወደገባው ባሕር፣ ትወርዳለች፣ ትቆያለች፣ ስትመለስ ልብሱ ግማሹ ደረቅ ነው። እኔ ሞኝ አይደለሁም። የክፍል ጓደኛዬ እናት ባለፈው ዓመት ከአንድ የልብስ ስፌት መኪና ሻጭ ጋር ኮብልላ በርገን ከተማ ገብታለች፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ቁርሷን ሳትይዝ ነበር የምትመጣው። ያ ነገር በሆዴ ገብቶ ነበር።

በሐምሌ፣ ድርቆሽ በምናጭድበት ሳምንት፣ ተከተልኳት። ወደ ጀልባ ቤታችን ገባች። ከጎን ተለጥፌ በሁለት ሳንቃ መሃል አየሁ። መምህር አስላክ የተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀምጠዋል፣ ሳጥኑ ጉልበታቸው ላይ ነው። እናቴ ፊት ለፊታቸው ቆማ የሸሚዟን ቁልፍ ትፈታለች። አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ከዚያ ሸሚዙን ከትከሻዋ አወረደች። ሽማግሌው ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፣ መልሰው አዩ። ያየሁት ይህንኑ ነው፣ ከዚያ በላይ ለማየት ልቤ እምቢ አለኝ።

የሳንቃው ቀዳዳ የጎድን አጥንቷን አላሳየኝም። እኔ ቁልፍ ነው ያየሁት፤ እሳቸው ያዩት ከብብቷ እስከ ወገቧ የጠቆረውን ነው። እናቴ እያስጻፈች ነበር። "መጋቢት 4፤ ሁለት የጎድን አጥንት፣ በቡት። ሚያዝያ 19፤ የግራ ጆሮ። ሰኔ 22፤ ግንባር፣ የዳቦ ጣውላ።" የጉሪንና የኢንጌቦርግን ካርድ ካነበቡላት በኋላ ሦስተኛው ካርድ የራሷ እንደሚሆን ታይቷታል። ሲያድር ሲውል መምህሩ እንደነገሩኝ ያለቻቸው ይህን ነበር፤

"ሞቼ ቄሱ ከሚጽፈኝ፣ ሳልሞት ይጻፉኝ።"

በዚያ ሳጥን ውስጥ በሕይወት ላለ ሰው የተሠራ የመጀመሪያው ካርድ የእሷ ነው።

እኔ ግን ሮጬ ወደ ማሳው ወጣሁ። አባቴ በዚያ ቀን ደህና ነበር፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። ጠዋት ፈረሱ ላይ አስቀምጦኝ ነበር፣ ከድርሻው ላይ ቡናማውን አይብ ቆርሶ ሰጥቶኝ ነበር። እወደዋለሁ፣ ምን ላድርግ። ሲስቅልኝ ዓለም የእኔ ነበረች። ማጭዱን በድንጋይ እየሳለ እናትሽ የት ናት ብሎ ጠየቀኝ። አልተቆጣም፣ አላስፈራራኝም፤ ውኃ ጠምቶት ነው የጠየቀው። ልብስ ልታለቀልቅ ወርዳለች ብል ያልፍ ነበር። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

"ጀልባ ቤት ናት፣ ከመምህሩ ጋር። ልብሷን እያወለቀች ነው፣" አልኩት።

መሳሉን አቆመ። ማጭዱን አነሣና እኔን እንዳይቆርጠኝ ስለቱን ወደ ውስጥ አድርጎ ድርቆሽ ማስጫው ላይ ሰቀለው። እዚሁ ተቀመጪ፣ ፀሐይ ላይ እንዳትሆኚ አለኝ። ስለ እኔ ያንን ያህል የተጠነቀቀበትን ቀን ሌላ አላስታውስም። ከዚያ ቁልቁለቱን ወረደ። አልሮጠም።

መቀመጥ አልቻልኩም፣ ተከተልኩት። ከበሩ ውጭ ተደግፎ የነበረውን መቅዘፊያ አነሣ። መምህሩ ድምፅ ሰምተው ዞር ሲሉ በመቅዘፊያው ጠርዝ ፊታቸውን አገኛቸው። ሽማግሌው አልጮኹም፤ ቁጭ እንዳሉ ወደ ኋላ ሄዱ። ሳጥኑ ተገልብጦ ካርዶቹ ጀልባ በሚገባበት ውኃ ላይ ተበተኑ። አባቴ ደገማቸው። በሦስተኛው እናቴ መሃል ገባች። ሸሚዟ አሁንም እንደተከፈተ ነው፤ ያኔ ጎኗን አየሁት። ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። ይህ ምንድን ነው ብዬ አሰብኩ፤ እመኑኝ፣ እንደ አዲስ ነገር ነው ያሰብኩት።

መቅዘፊያውን በሁለት እጇ ያዘች። ስትታገለው ያየሁበት ቀን ያ ብቻ ነው። እሱ እንጨቱን ለቀቀላትና ክንዷን ያዘ፣ ጀልባው ጠርዝ ላይ አስተኝቶ በጉልበቱ ሰበረው። ደረቅ ድምፅ ነበረው። በጡጫ ፊቷን ሲላት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጮህ ሰማሁት፤

"ከእኔ ትደብቂያለሽ? የገዛ ልጅሽ ናት የነገረችኝ። ራንዲ ናት የነገረችኝ!"

እናቴ ተንበርክካ ነበር። ራሷን አዞረችና በሩ ላይ አየችኝ። አንዱ ዓይኗ በደም ተዘግቷል፣ ሌላው እኔ ላይ ነው። 

"ዞር በይ፣ ልጄ፣" አለችኝ።

ዞርኩ። ፊዮርዱን እያየሁ የቀረውን በጆሮዬ ሰማሁት። ስንት ጊዜ እንደመታት አላውቅም፤ መቁጠር እችል ነበር፣ አልቆጠርኩም። አንድ ካርድ ተንሳፍፎ በእግሬ ሥር አለፈ።

የወተት ጀልባው ባይመጣ ዛሬ ይህን የማወራው ስለ ሟች ነበር። ሁለቱ ባለጀልባዎች ከሩቅ ሰምተው ዘልለው ወረዱ፣ አንዱ አባቴን በቆርቆሮ የወተት ዕቃ ጀርባውን መታው። አባቴ አልታገለም። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ እጁ እስከ አንጓው ቀይ ነው። ምን አድርገሃት ነው ሲሉት ቀና ብሎ አያቸው።

"ከመሰላል ወድቃ ነው፣" አለ።

ባለጀልባዎቹ ዙሪያውን ተመለከቱ። በዚያ ጀልባ ቤት ውስጥ መሰላል ቀርቶ ዱካ አልነበረም። አባቴ ደገመው፣ ሦስተኛም አለው፣ በቀጭን ድምፅ። እኔ አብዷል ብዬ ፈራሁ። አሁን ሳስበው አላበደም። በ1926 አምስት ዓመቱ ነበር፤ እናቱ ወለሉ ላይ ተዘርግታ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ያንን ቃል በቃሉ አስጠንቶታል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ አዝንለታለሁ። ይቅር ግን አላልኩትም፣ ይቅር እንድል የሚጠይቀኝም ካለ አርፎ ይቀመጥ።

አሥራ አራት ወር ተፈረደበት። ሲፈታ ወደ ክሌይቫ ተመለሰ፣ እኛ አልተመለስንም። ከመምህሩ እህት ቤት አንድ ክፍል ተሰጠን። መምህር አስላክ ቀኝ ዓይናቸው ጠፋ፤ ግራው ቀድሞም ሞራ የገባበት ነበር፣ ያንን የጥንት ጽሕፈት መለየት አቃታቸው። መጽሐፉ ቀረ ተባለ። እናቴ ክንዷ በጄሶ እንደታሰረ አጠገባቸው ተቀምጣ ፊደሉን ተማረች። ውኃ የገባባቸውን ካርዶች በሙሉ ከቄሱ መዝገብ እንደገና አነበበችላቸው፣ እንደገና ጻፈች። ስድስት ዓመት ፈጀባቸው። ሰው ያወራ ነበር፣ እኔም እስከ አሥራ ሰባት ዓመቴ ድረስ ተዋደዋል ብዬ ነበር የማምነው። እስኪቀበሩ ድረስ "እርስዎ" እንዳለቻቸው፣ እሳቸውም "እርስዎ" እንዳሏት ልብ ያልኩት በኋላ ነው።

እናቴ በዚያ ሥራ ክፉ ሆነች። አንድ የልደት ቀን በአንድ ቀን ከተሳሳተ በበረዶ ቀዝፋ ቄሱ ዘንድ ትሄዳለች። የክሌይቫ ገጽ ሲደርስ የመጽሐፉ ኮሚቴ ሰዎች ቤታችን መጥተው ተቆጡ። ይህ ለአያቶች መታሰቢያ ነው እንጂ የፖሊስ መዝገብ አይደለም፣ የሞተውን ተዪው አሏት። እሷ ድንች እየላጠች አዳመጠቻቸው።

"ቄሱ የተነገራቸውን ጻፉ። እኔ የምጽፈው የሆነውን ነው። ካልፈለጋችሁ ካርዱን በሙሉ ይዤ እወጣለሁ፣ ደብራችሁን ከባዶ ጀምሩት፣" አለቻቸው።

ኮሚቴው ገጹን እንዳለ ተቀበለ። መጽሐፉ በ1975 ታተመ።

ያንን ገጽ አላነበብኩትም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ቤቴ መደርደሪያ ላይ ቆሞ፣ የሌላውን እርሻ ሁሉ አንብቤ የእኛ ዘንድ ስደርስ እዘለዋለሁ። የተጻፈውን አውቀዋለኋ። እናቴ እውነት ትጽፋለች፤ እውነቱ ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሣችብኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። በየገናው አብረን በልተናል፣ ልጆቼን አሳድጋልኛለች፣ ያቺ ነገር ግን ሁልጊዜ በመካከላችን ተቀምጣ ነበር። ይቅር ብላኛለች ወይስ ችላኛለች? ይህን ሳላውቅ ባለፈው ክረምት በዘጠና ሦስት ዓመቷ፣ አልጋዋ ላይ፣ ተኝታ ሞተች። በክሌይቫ ሴቶች ታሪክ አልጋዋ ላይ የሞተች የመጀመሪያዋ ናት።

ከቀብሩ በኋላ ከኮሚቴው ደብዳቤ መጣ። መጽሐፉ እንደገና ሊታተም ነው፣ የቤተሰባችሁን ገጽ አይታችሁ ስሕተት ካለ አርሙ ይላል። ቅጽ አብሮ አለ፤ ገጽ፣ መስመር፣ እርማት። አንድ ሳምንት ጠረጴዛ ላይ ተውኩት። ከዚያ ተነሥቼ መጽሐፉን አወረድኩ።

ጉሪ አለች፤ "መዝገቡ ከቆጥ መሰላል ወድቃ ሞተች ይላል። በዚያን ጊዜ ቤቱ ቆጥ አልነበረውም።" ኢንጌቦርግ አለች፣ ቃል በቃል እንደዚያው። ቀጥሎ ሶልቬይ፣ ከነመጋቢቷ፣ ከነሚያዝያዋ፣ ከነሰኔዋ። ከሥሯ ደግሞ እንዲህ ተጽፏል፦

"በሐምሌ 1968 ቶርስታይን መምህር አስላክንና ሚስቱን በጀልባ ቤቱ ደበደበ። እዚያ መሆናቸውን ከማን እንደሰማ አልታወቀም።"

ደግሜ አነበብኩት። አልታወቀም። ፊቷ በጡጫ እየተመታ ስሜን ከአፉ ሰምታለች፣ ዞራ አይታኛለች፣ ዞር በይ ልጄ ብላኛለች። ለአንድ የልደት ቀን በበረዶ የምትቀዝፍ ሴት፣ ኮሚቴውን በሙሉ ያንበረከከች ሴት፣ ቁጭ ብላ በገዛ እጇ አልታወቀም ብላ ጻፈች። ያን ቀን፣ ወደፊት የሚያነበውን ሰው ሁሉ አሰበችው፤ ጎረቤቱን፣ ገና ያልተወለዱትን ልጆቼን፣ እኔን። በአራት መቶ ገጽ ውስጥ የዋሸችው አንድ ቦታ ነው፣ የዋሸችውም ለእኔ ነው። እኔ ሃምሳ ዓመት ገጹን ፈርቼ ስዘለው ኖርኩ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ሳበቃ ፊቴን ታጥቤ ብዕር አነሣሁ። እናቴ ትቆጣኝ ይሆናል፣ ትቆጣኝ። ገጽ 212፣ መስመር 31 ብዬ ሞላሁ። እርማት በሚለው ሥር እንዲህ ጻፍኩ፦

"ታውቋል። የነገረችው ልጁ ራንዲ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናቷ ታውቅ ነበር።"